ማሽኑ «የ»ን አያውቃትም

ጎንደር ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ ምኅጻረ ቃልና ስለ ሙዳየ ቃላት ያደረግሁት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመጣ ጥቂት ቦታ ተስተካክሏል። አነጋገሩን ግን አልለወጥኩትም።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ከአዘዞም ከማራኪም ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥያቄ ልጀምር። ቪኤል ምንድን ነው?

ከፊት የተቀመጣችሁት «ካላዛር» አላችሁ። በእንግሊዝኛ የሕክምና ስሙ ቪሰራል ሌሽማኒያሲስ ነውና ልክ ናችሁ። በስተቀኝ ያላችሁት ደግሞ «ቫይራል ሎድ» አላችሁ፤ ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ማለት ነው። እናንተም ልክ ናችሁ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ።

ይህ ጥያቄ ሌላ ከተማ ቢጠየቅ ይህን ያህል ላያስቸግር ይችላል። ጎንደር ላይ ግን ያስቸግራል። ካላዛር በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። መተማና ሑመራ ቆላ ወርደው እርሻ ላይ የሚሠሩ ወጣቶችን ያጠቃል። ታመው የሚመጡትም ወደዚህች ከተማ ነው። ኤችአይቪ ያለበትን ሰው ሲይዘው ይከብዳል፤ ከታከመ በኋላም ይመላለስበታል። ስለዚህ የእኛ ተመራማሪዎች ሁለቱን በሽታ አንድ ላይ ያጠናሉ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱም ቪኤል ይገናኛሉ።

እኔ የመመረቂያ ጽሑፍና የመጽሔት ገጽ በማቀናበር ነው የምተዳደረው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪ ልክ እንዲህ ያለ ሥራ ይዛ መጣች። ዲፌንሷ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ቪኤል ካላዛር ነው። ምዕራፍ አራት ሠንጠረዥ ላይ ቪኤል የቫይረስ መጠን ነው። ፊት ለፊት ያለው የምኅጻረ ቃላት ዝርዝር ላይ ያለው ግን አንድ ቪኤል ብቻ ነው። አብረን ቁጭ ብለን እያንዳንዱን ቪኤል በጣት እየነካን አነበብን። አንዳንዱ ቦታ ላይ እሷ ራሷ ዝም ትላለች። «ቆይ፣ ይሄ የትኛው ነው?» ትላለች። ጽፋዋለች እኮ! ጸሐፊዋ እንዲህ ካመነታች አንባቢው ምን ይሁን?

ያን ሌሊት ነው ይህን ነገር በቁም ነገር መያዝ የጀመርኩት።

አንድ ነገር መጀመሪያ ላስቀድም። ምኅጻረ ቃል ከፈረንጅ የመጣብን አመል የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። እኔ ያደግሁት በዓታ አካባቢ ነው። የኔታ ድጓ ዘርግተው ሲቀመጡ ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ፊደላት አያለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፊደል። ምልክት ይባላሉ። ልጅ ሆኜ ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። በኋላ ነው የገባኝ። እያንዳንዷ ምልክት ዜማው ከሚታወቅ ሌላ ቃል ወይም ሐረግ ላይ የተቆረጠች ናት። «ይህን ቃል እዚያ ላይ እንዳዜምከው አዚመው» ትላለች። ምንጩን ሐረግ የሚያውቅ ደቀ መዝሙር ሁለት ፊደል አይቶ ሙሉ ዜማ ያወጣል። የማያውቅ ግን ሁለት ፊደል ብቻ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው ተማሪው መጀመሪያ ምንጩን በቃሉ እንዲይዝ የሚደረገው።

የእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ግን ምንጩን ሳያስይዝ ምልክቱን ይሰጣል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ ነው። የሕክምና ቋንቋ ደግሞ በምኅጻረ ቃል የተሞላ ነው። ታዲያ ጽሑፉን የሚያነበው ሐኪም ብቻ አይደለም። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛም ያነበዋል። የሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ያነበዋል። የሌላ ትምህርት ክፍል መምህርም ይፈትነዋል።

አሁን ወደ መሣሪያው ልግባ።

ላቴክን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ዶናልድ ክኑት የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የአንድ መጽሐፉ አዲስ እትም የሙከራ ገጾች ሲደርሱት የፊደሉ መልክ አላስደሰተውም። ስለዚህ የራሱን የገጽ ማቀናበሪያ መሥራት ጀመረ። ስሙ ቴኽ ነው። የመጨረሻዋ ድምፅ ከግሪክ የመጣች ናት። እንግሊዞች ይቸገሩባታል፤ እኛ ግን ኽ አለችን። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሌዝሊ ላምፖርት በዚያ ላይ ላቴክን ሠራ። በዎርድ ስትጽፉ ገጹን እያያችሁ ነው የምትጽፉት። በላቴክ ግን ጽሑፉንና ትእዛዙን አብራችሁ ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ገጹን ሠርቶ ያወጣላችኋል።

ለላቴክ ግሎሰሪስ የሚባል ተጨማሪ ጥቅል አለ። ኒኮላ ታልቦት ነች የጻፈችው፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጣ። ሥራው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ምኅጻረ ቃል ሦስት ነገር አንድ ቦታ ላይ ትመዘግባላችሁ። አንደኛው ቁልፍ ነው፤ እናንተ ብቻ የምታዩት መጠሪያ። ሁለተኛው አጭሩ ነው። ሦስተኛው ረጅሙ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ውስጥ አጭሩንም ረጅሙንም አትጽፉም። ጂኤልኤስ የሚለውን ትእዛዝ ከቁልፉ ጋር ትጽፋላችሁ። ፕሮግራሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያገኘው ረጅሙን ይጽፋል፤ አጭሩን በቅንፍ ያስከትላል። ከሁለተኛው ጊዜ ጀምሮ አጭሩን ብቻ ይጽፋል። ምዕራፍ ሁለትን ከምዕራፍ ሦስት በኋላ ብታዞሩት ራሱ ይቆጥራል። የመጀመሪያው የት እንደሆነ እናንተ ማስታወስ የለባችሁም። የተጠቀማችሁባቸውን ብቻ ሰብስቦ ፊት ላይ ዝርዝር ያወጣል። ያልተጠቀማችሁበት ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

ወደ ቪኤል እንመለስ። ካላዛር አንድ ቁልፍ፣ የቫይረስ መጠን ሌላ ቁልፍ ይሰጣቸዋል። አጭራቸው አንድ ቢሆንም ቁልፋቸው ለየቅል ነው። ያኔ የቫይረስ መጠኑን ምኅጻረ ቃል ልለውጥ ካላችሁ አንድ መስመር ላይ ትለውጣላችሁ፤ ሁለት መቶ ገጽ ይስተካከላል። በዎርድ ግን «ፈልግና ተካ» ብትሉት ካላዛሩንም አብሮ ይተካዋል። ያቺ ተማሪ በቁልፍ ጽፋው ቢሆን ኖሮ ያ ሌሊት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

እስካሁን ያልኩት በእንግሊዝኛ ለምትጽፉት ይበቃል። በአማርኛ ለምትጽፉት ግን አይበቃም። የአማርኛ፣ የፎክሎር፣ የታሪክ ተማሪዎች፣ አሁን እናንተን ነው የማናግረው።

ኢሰመኮን ውሰዱ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን። መዘገባችሁት እንበል። ከዚያ እንዲህ ጻፋችሁ፤ «በ»፣ ቀጥሎ ትእዛዙ፣ ቀጥሎ «ሪፖርት መሠረት»። ሁለተኛው ጊዜ ላይ «በኢሰመኮ ሪፖርት መሠረት» ይላል። ያምራል። የመጀመሪያው ላይ ግን ምን ይላል? «በየኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን»።

ሳቃችሁ። ማንም አማርኛ የሚናገር ልጅ «በየኢትዮጵያ» አይልም። «በ» ስትመጣ «የ» ትወጣለች። «ከ»ም «ለ»ም «ስለ»ም ስትመጣ እንደዚያው ነው። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ከእናታችን ጋር ስንነጋገር ያገኘነው ነው። ማሽኑ ግን «የ»ን አያውቃትም። የሰጣችሁትን ከነ«የ»ዋ ይለጥፋል።

እኔ መጀመሪያ ይህን ሳይ ተስፋ ቆርጬ ነበር። «ይሄ ለእንግሊዝኛ ብቻ ነው» ብዬ ተውኩት። አንድ ወር ያህል በእጄ ነው የጻፍኩት። በኋላ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ምኅጻረ ቃሉን የፈጠሩት ሰዎች «የ»ን ቀድሞውኑ ጥለዋታል! ኢሰመኮ በኢ ነው የሚጀምረው እንጂ በየ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተመድ ነው። የመላው ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ መኢሶን ነው። «የ» የስሙ አካል እንዳልሆነች ያውቁ ነበር። እኔም ስመዘግብ ልጣላት አልኩ።

ስለዚህ ረጅሙን ያለ «የ» መዝግቡት። «ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን» ብላችሁ። «በ» ስትፈልጉ «በ»ን ከፊት ትጽፋላችሁ፤ ሁለቱም ጊዜ ትክክል ይመጣል። «የኢሰመኮ ሪፖርት» ለማለት ስትፈልጉ «የ»ን ትጽፋላችሁ፤ ያም ትክክል ነው።

አንድ ቦታ ግን ይቀራል። ስሙ ምንም ሳይቀድመው ባለቤት ሆኖ ሲመጣ። መጀመሪያ ላይ «የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) አስታወቀ» መባል አለበት። ሁለተኛ ጊዜ ግን «ኢሰመኮ አስታወቀ» ነው። «የኢሰመኮ አስታወቀ» አይባልም። መጀመሪያ «የ» ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ አያስፈልግም።

ለዚህ የሚሆን መፍትሔ ተሠርቶ ተቀምጧል። ደስ የሚለው የተሠራው ለሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ከስም በፊት «ኤ» ወይም «አን» የምትባል ቃል አላት። ረጅሙ ስም «ኤ» ሲፈልግ አጭሩ «አን» ሊፈልግ ይችላል። ለዚያ ሲባል ግሎሰሪስ ፕሪፊክስ የሚባል አባሪ ጥቅል ተጻፈ። ለመጀመሪያው ጊዜ አንድ ቅድመ ቅጥያ፣ ለቀሪው ሌላ ቅድመ ቅጥያ ትሰጡታላችሁ። እኛም ለመጀመሪያው «የ»፣ ለቀሪው ባዶ እንሰጠዋለን። ትእዛዙ ከፊቱ ፒ ይጨመርበታል፤ ፒጂኤልኤስ ይሆናል። በመሃል ክፍት ቦታ በራሱ አያስገባም፤ ለእኛ ደግሞ የሚስማማን ይኸው ነው።

መድረሻውም ላይ እንዲሁ ነው። «ኢሰመኮን ጠየቅን» ለማለት ትእዛዙን ጽፋችሁ «ን» ብትቀጥሉ፣ መጀመሪያው ላይ «ኮሚሽን (ኢሰመኮ)ን» ይወጣል። ቅንፍ ላይ የተንጠለጠለች ን! ዓይን ትወጋለች። ግሎሰሪስ ግን ከቁልፉ ቀጥሎ በማዕዘን ቅንፍ ቅጥያ እንድትሰጡት ይፈቅዳል። ይህም የተሠራው ለእንግሊዝኛ ነው፤ የባለቤትነት ምልክታቸውን ለማስገባት። «ን»ን እዚያ ውስጥ ስታስገቡ መጀመሪያው ላይ «ኮሚሽንን (ኢሰመኮ)» ይላል። በኋላ «ኢሰመኮን» ይላል። «ም»ም «ና»ም በዚሁ ያልፋሉ። «ኮሚሽኑ» ላይ ግን አይሠራም፤ ምክንያቱም እዚያ ን ራሷ ወደ ኑ ትለወጣለች። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ያዘለ ነው። ከኋላ ለጥፎ መሄድ አይቻልም።

ብዙ ቁጥር ላይ ይህ ጎልቶ ይታያል። ፕሮግራሙ ምንም ካልነገራችሁት ብዙ ቁጥር ሲጠየቅ የላቲኗን ኤስ ይጨምራል። ት/ቤት ላይ ኤስ! እኔ በታተመ ወረቀት ላይ አይቼዋለሁ። ኤሷን በ«ዎች» መተካት ይቻላል፤ ግን ት/ቤት ት/ቤቶች ነው የሚሆነው፤ ት ወደ ቶ ትሄዳለች። ክ/ከተማ ክ/ከተሞች ነው፤ ማ ሞ ትሆናለች። ስለዚህ አቋራጭ የለውም። ለእያንዳንዱ ብዙ ቁጥሩን በእጃችሁ መዝግቡ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጽፉት።

ውሃ ልጠጣ።

ሌላው ነገር አቢይ ፊደል ነው። ፊደላችን አቢይና ንኡስ የለውም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ምኅጻረ ቃል ከሩቅ ይታያል፤ በአቢይ ፊደል ቆሟል። ዎርድ ውስጥ «ሁለትና ከዚያ በላይ አቢይ ፊደል የተከታተለበትን ሁሉ ፈልግ» ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም ለቅሞ ያወጣል። በአማርኛ ይህ የለም። መኢሶን እንደማንኛውም ቃል ነው የሚታየው። ኢሕአፓ እንዲሁ። ማሽኑ ፈልጎ አያገኛቸውም፤ አንባቢውም ካላወቃቸው ቃል መስለውት ሊያነባቸው ይሞክራል። ዓ.ም. ነጥብ አለው። ት/ቤት እዝባር አለው። እንደ መኢሶን ተገጣጥመው የተጻፉት ግን ምንም ምልክት የላቸውም። ለዚህ ነው በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከመጀመሪያው ቀን መመዝገብ ከእንግሊዝኛ ጸሐፊ የበለጠ ግዴታ የሚሆንብን። በኋላ ለቅሜ አወጣለሁ ማለት አይሠራም።

ተቀራራቢነትም አለ። ኢሰመኮ አልን። ኢሰመጉ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤ ነው። ኢሠማኮ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ነው። አንዱ የመብት ኮሚሽን፣ አንዱ የሠራተኞች ማኅበር። አሁን ጮክ ብላችሁ በሉት። ኢሰመኮ። ኢሠማኮ። በጆሮ አንድ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም። የሚለያቸው መ እና ማ ነው፤ ሰ እና ሠ ደግሞ ብዙ ሰው እያቀያየረ ይጽፋቸዋል። ፖለቲካ ሳይንስ የምታጠኑ፣ ይህን ያለ ቁልፍ አትጻፉት፤ እባካችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳስበኝ ግን እ.ኤ.አ. ነው። እ.ኤ.አ. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እ.ኢ.አ. ብሎ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚጽፍም አለ። ኤ እና ኢ። የአንዷን እግር ቅርፅ ማየት ነው ልዩነቱ። ቅድም 1947 ዓ.ም. ያልኳችሁን ኮሌጅ 1947 እ.ኤ.አ. ብላችሁ ብትጽፉት ሰባት ዓመት ቀድማችሁ አቋቋማችሁት ማለት ነው። የአቆጣጠሩን ምኅጻረ ቃልም እንደሌላው መዝግቡት። በእጅ አትተይቡት። ከቁጥሩ ጋር ደግሞ በቲልዳ (~) እሰሩት፤ በላቴክ ቲልዳ የማይሰበር ክፍት ቦታ ናት። 1947 አንድ መስመር ጫፍ ላይ ቀርቶ ዓ.ም. ወደ ታች ሲወርድ አንባቢው ለአፍታ ዓመተ ምሕረቱን ያጣል።

አሁን ስለ ቅደም ተከተል። ይህ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው፤ ትንሽ ብቆይበት ታገሡኝ።

ዩኒኮድ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር ኮድ የሚሰጥ ሥርዓት ነው። ፊደላችን እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በሦስተኛው እትም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የግእዝ ሶፍትዌር የየራሱ ኮድ ነበረው፤ ባንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም ነበር። በላቴክ ቀደም ብለው እነ ብርሃኑ በየነ ለግእዝ ፊደል የሚሆን ጥቅል ሠርተው ነበር፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ዛሬ ዚላቴክ በሚባለው የላቴክ ዓይነት ላይ በቀጥታ በአማርኛ እንጽፋለን። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ፎንት ከጫናችሁ በቂ ነው።

ዩኒኮድ ፊደሉን በሀ ሁ ቅደም ተከተል ነው ያስቀመጠው። ሙዳየ ቃላት ሲደረደርም በዚያው ይደረደራል። እዚህ ላይ ነው ሞክሼዎቹ የሚመጡት። ንጉሡ ሠ ከረ በፊት ነው። እሳቱ ሰ ከረ በኋላ ነው። ስለዚህ «ሥራ»ን በንጉሡ የጻፈ ሰው አንድ ቦታ ያገኘዋል፤ በእሳቱ የጻፈ ሌላ ቦታ። በመካከላቸው ረ ሙሉ ቤተሰቧን ይዛ ተቀምጣለች። ሃሌታው ሀ መጀመሪያ ነው፤ ብዙኃኑ ኀ ደግሞ ከቸ በኋላ። ኃይልን በሀ የሚፈልግ አንባቢ ገጾች ይዘላል። አልፋው አ እና ዐይኑ ዐ መካከል እነ ከ እና ወ አሉ።

ምኅጻረ የሚለው ቃል ራሱ የዚህ ሰለባ ነው። ምህጻረ፣ ምሕጻረ፣ ምኅጻረ፤ ሦስቱንም አይቻለሁ። በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ ስታባዙት ስድስት ይሆናል። በግእዝ አጭር ማለት ኀጺር ነውና እኔ በብዙኃኑ እጽፈዋለሁ። ግን አንባቢዬ በሃሌታው ቢፈልገው ጥፋተኛ አይደለም።

ግሎሰሪስ ለዚህ ሶርት የሚባል መስክ አለው። በገጹ ላይ የሚታየው ቃል ሌላ፣ መደርደሪያው ሌላ ሊሆን ይችላል። እኔ ሶርት ውስጥ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ አመጣቸዋለሁ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ገጹ ላይ ኃይል በትክክለኛው ኀ ይታያል፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ከሀ ጋር ይቆማል። ፊደሉም አልተነካም፤ አንባቢውም አልተንከራተተም። ይህን ያገኘሁ ቀን እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ እየተባለ ብዙ ተከራክረናል። እዚህ ጋ ማንንም ሳንቀንስ ፍለጋው ቀለለ።

ስለ አሠራሩ ፈጠን ብዬ ልለፍ። ላቴክን አንድ ጊዜ ታስኬዳላችሁ፤ የተጠቀማችሁባቸውን ቃላት ፋይል ላይ ይጽፋል። ቀጥሎ ሜክግሎሰሪስ የሚባለውን ታስኬዳላችሁ፤ እሱ ይደረድራል። ከዚያ ላቴክን ደግማችሁ ታስኬዳላችሁ። መካከለኛዋን እርምጃ የረሳ ሰው ዝርዝሩ ባዶ ይወጣበታል። «አይሠራም» ብለው የተዉት አብዛኞቹ እዚህ ጋ ነው የቆሙት። ላቴክን በኢንተርኔት በሚያሠራው ኦቨርሊፍ ላይ ከሆናችሁ ይህን ራሱ ይሠራላችኋል። ኔት ሲጠፋ ግን ሥራችሁ አብሮ ይቆማል፤ ስለዚህ ያለ ኔት የሚሠራውን የላቴክ ስብስብ፣ ቴክ ላይቭን፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ጫኑ። ጽሑፉ ውስጥ ማገናኛ የሚሠራውን ጥቅል፣ ሃይፐርሬፍን፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ግሎሰሪስ ከእሱ በኋላ ይጠራ።

ሁለት ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። አንደኛው የምዕራፍ ርዕስ ነው። ርዕስ ውስጥ ጂኤልኤስን ከጻፋችሁ ማውጫው ላይ ቀድሞ ይወጣል፤ ፕሮግራሙም ያንን እንደ መጀመሪያ ጊዜ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔ ረጅሙ ማንም ተረጋግቶ በማያነበው ማውጫ ላይ ይቀራል። ርዕስ ላይ አጭሩን ብቻ የሚያወጣውን ትእዛዝ ተጠቀሙ። ሁለተኛው አጠቃሎው ነው፤ አብስትራክቱ። አጠቃሎው ብቻውን ወጥቶ ይነበባል። ስለዚህ እዚያ የተገለጸ ቃል ምዕራፍ አንድ ላይ እንደገና መገለጽ አለበት። ከአጠቃሎው በኋላ ሁሉንም እንደ አዲስ የሚያስጀምር አንድ ትእዛዝ አለ፤ ጂኤልኤስ ሪሴት ኦል። አንድ መስመር ናት።

አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣን ስም ግን አታሳጥሩ። አንድ ጊዜ ለሚጠራ ነገር ምኅጻረ ቃል ማውጣት አንባቢውን በከንቱ ማሸከም ነው። አክሮ የሚባለው ሌላ ጥቅል ይህንን ቆጥሮ ያስቀርላችኋል። በዎርድ የምትጽፉም ብትሆኑ ሐሳቡ ያው ነው። ዎርድ ይህን የሚሠራ የራሱ መሣሪያ የለውም። ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ፤ አጭሩን፣ ረጅሙን፣ ብዙ ቁጥሩን፣ መጀመሪያ የተገለጸበትን ምዕራፍ ጻፉ። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ይሠራል።

አንድ የማላሳጥረው ነገር አለ። የሰው ስም። ወ/ማርያም ስትሉ ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አይታወቅም። ሀ/ማርያም ኃይለ ማርያም ነው ወይስ ሀብተ ማርያም? በአንድ መሥሪያ ቤት የአክስቴ ስም ወ/ ተብሎ ተጻፈ። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሠራተኛ ዘርዝሮ ሲጽፈው ወልደ አደረጋት። ወረቀቷን ለማስተካከል ስንት ቀን እንደተመላለሰች አልረሳውም። የዋቢ ዝርዝራችሁ ላይ፣ ምስጋናችሁ ላይ፣ የመረጃ ሰጪዎቻችሁ ሠንጠረዥ ላይ ስምን ሙሉውን ጻፉ። የፎክሎር ተማሪዎች በተለይ። ታሪካቸውን የነገሯችሁ አባቶችና እናቶች ስማቸው በእዝባር ሊቆረጥ አይገባም።

ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።

አንድ ወንድማችን «ረጅሙን ያለ የ ከመዘገብነው ፊት ያለው ዝርዝር ላይም የ አይጎድልም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ይጎድላል። ለዝርዝሩ የሚሆነው መግለጫ ለብቻው የሚመዘገብበት መስክ አለ፤ እዚያ ላይ ከነ«የ»ዋ ትጽፉታላችሁ። ይህን የሚፈቅደውን የምኅጻረ ቃል ስልት ግን ቀድማችሁ መምረጥ አለባችሁ።

ሌላዋ ደግሞ የቀድሞ ሊቃውንት በአ በ ገ ደ ይደረድሩ እንደነበር አስታወሰችን። እውነቷን ነው። ሥራችሁ በግእዝ ድርሳናት ላይ ከሆነና አንባቢያችሁ በአበገደ የሚፈልግ ከሆነ፣ ሶርት መስኩ ላይ ለየፊደሉ ቁጥር እየሰጣችሁ እንደዚያው መደርደር ትችላላችሁ። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን እኔ ለአንድ ጽሑፍ አድርጌዋለሁ።

ከመድረክ ከወረድኩ በኋላ አንዲት የጤና ተማሪ ላፕቶፕዋን ይዛ መጣች። እያወራሁ ሳለ ከኋላ ተቀምጣ ምኅጻረ ቃሎቿን ስትመዘግብ ነበር። ዝርዝሩ ግን ባዶ ሆኖባታል። ሜክግሎሰሪስን አላስኬደችም። አስኬድነው። ላቴክን ደገምነው። ገጹ ተከፈተ፤ ዝርዝሩ ተደርድሮ ወጣ። ታች ላይ ሁለት ቪኤል ተከታትለው ቆመዋል። አንዱ ካላዛር፣ አንዱ የቫይረስ መጠን።

ዝም ብላ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ፋይሏ ተመለሰችና ከሁለተኛው ቁልፍ ጎን ያለውን አጭሩን አጠፋችው።

«ምን ልበለው?» አለችኝ።

«ለመረጃ ሰብሳቢዎችሽ ስታስረጂ ምን ትያቸው ነበር?» አልኳት።

«የቫይረስ መጠን።»

«እንግዲያው አታሳጥሪው» አልኳት። ሙሉውን ጻፈችው።